ያልቆመ ማሽን

ሙሄ ከጨርቃ ጨርቁ፣ ከሌሊት ፈረቃ ወጥቶ፣
«ማሽኑ ጆሮዬ ውስጥ አልቆመም» አለኝ፣ ደጃፍ ተጎልቶ።
«ድካም ነው፣ ተኛበት» አልኩት፤
ሻሼን እያሰርኩ፣ ስቄ አለፍኩት።

እናቴ «ዓይን ነው» አለች፤ ጎረቤት «ሚስት ይሻዋል»፤
አለቃው «ስንፍና ነው፣ ደሞዙ ሲቆረጥ ይተዋል»።
እንዲሁ ከረመ።
መጀመሪያ እንቅልፉ ሳሳ፤ ቀጥሎ ሳቁ ከሰመ፤
ኋላ ስሙን ስንጠራ መዞር ተወ፤
ከድውሩ ጥጥ ቆንጥሮ ጆሮውን ወተፈው።

በአራተኛው ክረምት፣ ሌሊት፣ ቦርከና ሲሞላ፣
ውሃው ውስጥ ጆሮውን ሲያጥብ ተገኘ፣ በአንድ እግር ነጠላ።

ዛሬ በሐረጎ፣ ወደ ደሴ ሐኪም ቤት ስንወጣ፣
ሚኒባሱ ጋለና ቆመ፤ ወረደ ሾፌሩ፣ ውሃ ሊያመጣ።
ሞተሩ ዝም። ጭጋጉ ዝም።
«ሰማሽ?» አለኝ።
«አልሰማሁም» አልኩት። «ምን ይላል? ንገረኝ።»