ወይን ጠጅ በረዶ

ቱሉ ዲምቱ ጤፍ ሳለ፣ ኮንዶሚኒየም ሳይበቅል፣
አስፋልቱ አቃቂ ደርሶ፣ ደክሞት ድልድዩ ላይ ሲውል፣
ሽብሩ ቪዲዮ ቤት ነበረው፣ በቆርቆሮ የታጠረ፤
አንድ የፍቅር ፊልም ደግሞ፣ ርዕሱ ከካሴቱ ላይ ተፍቆ የቀረ።

ሃምሳ ሳንቲም ለአግዳሚ፣ ሃያ አምስት ለቋሚ፤
ሁላችንም ለአንድ ቦታ ነበርን ታዳሚ፦
ሴትዮዋ ደረጃ ስትወርድ፣ ትከሻዋ ባዶ፣
ቀሚሱ ከኋላዋ ሲፈስ፣ እንደ ክረምት ጎርፍ ደረጃውን ንዶ።

ወይን ጠጅ ነበር ቀሚሱ። ወይን ጠጅ ነበር ደረጃው።
ወይን ጠጅ ነበር በመስኮቱ ማዶ የሚወርደው በረዶው።
ጨረቃዋም እንዲሁ፣ የሻማውም ሰም፣
ፈረሱም፣ የፈረሱም ጥርስ። ማንም አልጠየቀም።
"አገሩ ነው" ተባለ። "እንዲህ ያለም አገር አለ።"
የሽብሩ ቴሌቪዥን አረንጓዴው መቃጠሉን ማን አስተዋለ?
እኛስ ቀይ ኮረብታ ላይ አይደል የምንኖረው? ስሙስ ምን ይላል?
አፈራችን ነጠላ የሚያቀላ፣ የሰው በረዶ ቢቀላ ምን ይደንቃል?

ጋሽ በንቲ፣ ልብስ ሰፊው፣ ሜትሩ ከአንገቱ የማይወርድ፣
ሦስት ማታ ከፍሎ ገባ፣ ለዚያች ለአንዲት መውረድ።
በሦስተኛው ተነሳና "ሽብሩ፣ እስቲ አቁማት" አለ፤
ሴትዮዋ ቆመች፣ እግሯ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ።
ወገቧ ላይ ነጭ መስመር፣ እንደ ብር ክር ይንቀጠቀጥ ነበር፤
እሱ በስንዝሩ ከሩቅ ለካት፦ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፣ ዳር።
ከኋላ አንዱ "ገንዘባችንን መልስ!" አለ።
እኔ አሥራ አራት ዓመቴ ነው፤ የመርፌው ክር አስገቢ ነበርኩ።

ሳቴን ከመርካቶ መጣ። ብር ክሩን፣ ልክ እንዳየው፣ ወገቡ ላይ አዙሮ ሰፋ፤
ካሴት ሲቆም የሚጋደም ጭረት ነው ብሎ የሚነግረው ጠፋ።

መጀመሪያ ፈይሴ ለበሰችው፣ ለወንድሟ ሠርግ ማታ፤
ከዚያ መታወቂያ እያስያዘ የገላን ሴት፣ የቃሊቲ ሴት በተርታ።
ዝናሽወርቅ ፎቶ ቤት ገብታ፣ ከተሳለ ፏፏቴ ፊት ቆማበታለች፤
እግሯ ላይ ኮንጎ ጫማ ነው፤ ቀሚሱ ስለረዘመ ተመስገን ብላለች።
ኦብሴ ላይ የጄኔሬተር እሳት ጫፉን ልሶታል፤
አንዷ፣ ስም አልጠራም፣ ለብሳው ኮብልላ፣ በሦስተኛ ወሩ በሰው እጅ ታጥቦ ተመልሷል።
ሲያልቅ ሌላ ሰፋን። ሌላም። ሁሉም ወይን ጠጅ፣ ሁሉም ባለ ብር ወገብ፤
ሌላ ቀለም ለብሳ የመጣች ሚዜ "እንግዳ ናት" ትባል ነበር፣ ድንኳን ሙሉ ሰው ሲሰበሰብ።

ባለፈው ሰኞ ልጄ ሌንሳ ስልኳን ይዛ መጣች ሮጣ፤
"እማ፣ ፊልምሽ! አዲስ አድርገው ለቀውታል፣ ጭረቱ ሁሉ ወጣ።"

ነጭ።
ቀሚሱ ነጭ፣ በረዶው ነጭ፣ የፈረሱ ጥርስ ነጭ።
ወገቧ ባዶ።

ሃያ ሰባት ዓመት! ሳቅ እንኳ አልመጣልኝ፤ አዘንኩላት ለሴትዮዋ፤
ሳይጨርሱላት ያስወጧት መሰለችኝ፣ ክር የጎደለው ወገቧ።

ጋሽ በንቲን ዛሬ ዓይኑን ሞራ ጋርዶታል፤ በር ላይ ፀሐይ ይሞቃል።
ልነግረው ሄድኩ፣ የነገ ሚዜ ቀሚስ ክንዴ ላይ። እንዴት ተብሎ ይጀመራል?
"ጋሼ፣ ያ ፊልም..."
"የትኛው?"
"የደረጃዋ።"
እጁን ዘረጋ። ጨርቁን ዳበሰ፣ ስፌቱን በጥፍሩ ተከተለ፤
ወገቡ ጋ ሲደርስ ቆመ። "ብር ክሩ አለ?" አለ።
"አለ።"
"እንግዲያው እሷ ናት።"
ጠርዙን ገልብጦ በጣቱ ለካ። ዝም አለ። ከዚያ፣ እንደ ድሮው ቆጣ ብሎ፣
"አራት ጣት አስተርፊ እንጂ፤ የምትቀጥለዋ ትረዝም ይሆናል።"