የካፖርት ማስቀመጫው ክፍል

ኩኦፒዮ ላይ፣ ሐይቁ ጥርሱን ገጥሞ በዘጋበት ወር፣
ደብተሬን ይዤ ገባሁ፣ አንድ መሥሪያ ቤት ልመረምር።
ዘጠኝ ፎቅ ነው፤ ጡረታና የሕመም አበል የሚሰፈርበት፣
ሰው በስሙ ገብቶ በቁጥር የሚወጣበት።

ምድር ቤቱ ውስጥ፣ ድሮ ካፖርት ይሰቀልባት በነበረች ጠባብ ክፍል፣
«ቤተ ሙከራ» የሚል ወረቀት ተለጥፏል።
ብልቃጥ የለም፣ እሳት የለም፣ የሚፈላ ነገር የለም፤
ሦስት ሰዎች፣ አንድ መቀስ፣ ባለ አራት ቀለም
ቁራጭ ወረቀት ግድግዳውን ሞልቶ፣
ካርቶን ተቆርጦ፣ ተጣብቆ፣ ተሠርቶ
የእንግዳ መቀበያው አዳራሽ፣ በጫማ ሣጥን ልክ፤
የቡሽ ሰዎች ተሰልፈዋል፣ አንዷ ወገቧን ይዛ፣ ሌላው ራሱን ሲያክ።

«ዝሆን ነው» አለችኝ ቱይሬ፣ ጣሪያውን በእርሳሷ እያሳየች፤
«ብንገፋው አይሰማውም። ስለዚህ...» ትንሽ ዝም ብላ ሳቀች፣
«እግሩ ሥር ያለችውን ጠጠር ነው የምናንቀሳቅሰው።»
ጻፍኩ። ከዚያ ጠየቅኋት፦ ታዲያ ዝሆኑን ምን ነካው?

ይኸው ነው ጥያቄዬ። ሌላ የለኝም።
ትልቅ ነገር በትንሽ ነገር ይለወጣል ወይ? ወይስ ትንሿ ክፍል
ለትልቁ መስኮት ናት፣ እንግዳ ሲመጣ የምትወለወል?

የመጀመሪያው ሙከራ ደብዳቤ ነበር፤
አሥራ አራቱን ገጽ ወደ አንድ ማሳጠር፣
«አመልካች» የሚለውን አውጥቶ «እርስዎ» ማለት፣
አንቀጽ ስድስት ንዑስ ሁለትን በሰው አፍ መፍታት።
ኢርመሊ፣ ባሏ የሞተባት፣ በረዶውን በእግሯ አቋርጣ ከደሴቷ መጥታ
ደብዳቤውን አነበበች፣ መነጽሯን ጠርጋ፣ ቀስ ብላ፣ ተረጋግታ።
«ገባኝ» አለች። «ገንዘቡን እንደማትሰጡኝ አሁን በደንብ ገባኝ።»
ማንም አልሳቀም። እኔንም እስክሪብቶዬ ከበደኝ።

ሰኔ ላይ ዋና ዳይሬክተሩ ከሄልሲንኪ እንግዶች ይዘው ወረዱ፤
ካርቶኑን አዩ፣ ቀለሙን አዩ፣ ፎቶ ተነሡ፣ ሄዱ።
ስድስተኛው ፎቅ ግን፣ ደንቡ የሚጻፍበት፣ ጆሮ ዳባ ልበስ፤
የቱይሬን ሐሳብ «ተመልክተነዋል» ብሎ ሲመልስ፣
ማኅተሙ እንኳ ከአንገት በላይ ነበር።

ሠላሳ አንድ ሰው አነጋገርኩ። አንዱ «ፋሽን ነው» አለኝ፤
አንዷ ሰዓቷን አየችብኝ።
ኦስሞ፣ ሒሳብ ሹሙ፣ በሩን ዘግቶ፣ ድምፁን ቀንሶ፦
«አንድ ቀን ገብቼ ቡሽ ቀረጽኩ፤ ሃያ ሁለት ዓመት እዚህ ሠርቼ፣
አፍንጫ የሌለው ሰው ወጣኝ፣ የባለጉዳይ ፊት ምን እንደሚመስል ረስቼ።»

አዳራሹ ውስጥ ሌላ ነገር ሆነ፣ ማንም ሳያዘው።
ኤንሲዮ፣ በር ጠባቂው፣ ካርቶኑን በምሳ ሰዓት ጎንበስ ብሎ ያየው፣
ወገቧን የያዘችውን የቡሽ ሴት ልብ ብሎ ኖሮ፣
ከመጋዘን አንድ ወንበር አወጣ፤ አቧራውን አራግፎ፣ እግሩን አጥብቆ፣ አሳምሮ፣
ከቁጥር መስጫው ማሽን አጠገብ አኖረው።
ደንቡ ወንበር ይኑር አይልም። አይኑርም አይልም። ዝም ነው ያለው።

በሳምንቱ ወንበሩ ሁለት ነበር፤
በሦስተኛው፣ አንዲት ጸሐፊ ከመስታወቱ ጀርባ ወጥታ፣ ከአንድ ሽማግሌ ጎን ተቀምጣ ቅጽ ስትሞላ፣ ስትነጋገር
አየሁ። ደብተሬን አልከፈትኩም።

በጀቱ በኅዳር አለቀ። ቱይሬ መቀሷን በፎጣ ጠቀለለች፤
ክፍሏ ወደ ካፖርቶቿ ተመለሰች።
ባለቀለሞቹ ወረቀቶች ሙጫቸው ደርቆ አንድ በአንድ ረገፉ፣
በመጥረጊያ ተሰብስበው አለፉ።

«ለውጡ በቁጥር ሲለካ?» ይላል የሪፖርቴ አምስተኛ ዓምድ።
ባዶ ተውኩት። ጻፍኩ፣ ሰረዝኩ። በመጨረሻ፦ «ወንበር፣ አንድ።»
(ሁለተኛው በዚያ ሰሞን እግሩ ተሰብሮ ነበር።)

ኢርመሊን መጨረሻ ሳያት ተቀምጣ ነበር፣
ይግባኟን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ቁጥሯ እስኪጠራ።
ውጭ ሐይቁ እንደገና ሊረጋ ይዟል፤ ከዳር ዳር።