ውሃ ልክ

አስፋልቱ ደክሞት ቆሞ፣ ኮረኮንች ሲጀምር፣
ከቱሉ ዲምቱ ወዲያ፣ በኮዬ ፈጬ ዳር፣
ባጃጅ ውስጥ ታጥፌ፣ ቦርሳዬን ታቅፌ፣
እሄዳለሁ በሌሊት፣ እንቅልፌን ገፍፌ።
ቦርሳው ውስጥ ግፊት መለኪያ፣ ቴፕ፣ ትልቅ መፍቻ፣
ከግንበኛው አባቴ ውሃ ልክ አንድ ብቻ።

አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ ቦሌ ሰባተኛ ፎቅ፣
ወንበሬ ሲሽከረከር፣ እኔ ሳልነቃነቅ፣
ሪፖርት እጽፍ ነበር፣ ሁለት መቶ ገጹን፣
መደርደሪያ ሲውጠው እያየሁ አንድ ባንዱን።
አለቃዬ ፊት ቆሜ «ውሃውስ ደረሰ?» ብል፣
መነጽራቸውን ጠረጉ።
«ክፍያው ገብቷል» አሉኝ፣ በአጽናኝ ዘመድ ቃል።
መልቀቂያዬን ያን ማታ በአራት መስመር ጻፍኩት፤
አባሪ የሌለው ሰነድ፣ መጀመሪያ ያወጣሁት።

ብቻዬን ስወጣ ንግድ ፈቃድ አወጣሁ፣
ማህተም አስቀረጽኩ፤
በክቡ መሃል ላይ የራሴን ስም አየሁ፣
ደስ አለኝ። ደግሞ ፈራሁ።
ስልክ ሲጮህ ስሮጥ፣ ባንክ ነው፣ የሎተሪ መልእክት፤
ወይዘሮ ትርንጎ፣ አከራዬ፣ ወር በገባ በሁለት
በር ላይ ያስላሉ፤ ሳላቸው ቀጠሮ አይስት።

ያገኘሁትን ሁሉ «እሺ» ማለት ለመድኩ።
ለአንድ ባለ ቪላ፣ ለመዋኛ ገንዳው፣ የጉድጓድ ውሃ ፈለግኩ።
በላሁበት። ግን እሬት እሬት አለኝ፣
ጎረቤቱ ከአጥር ወዲያ፣ ባዶ ጄሪካን ደርድሮ ሲያየኝ።

አንድ ቅዳሜ የብሎክ ሁለት መቶ አሥራ አራት ኮሚቴ መጡ፣
ሦስት ሆነው፣ በጭቃ ጫማ፣ ሳያንኳኩ ገብተው ተቀመጡ።
«ውሃው አራተኛ ፎቅ አይወጣም» አሉ አቶ ዋቅጅራ፣
የባቡር ጡረተኛ፣ ድምፃቸው እንደ ፍሬን ሻካራ።
«ፓምፕ ሁለቴ ለወጥን። ገንዘብ እንጂ ውሃ አልሳበ።
ለሦስተኛው ይኸው፣ ከየቤቱ ተሰበሰበ።»

ውሃ እዚያ የሚመጣው በፈረቃ ነው፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት።
ጋቢ ደርቤ ደረጃ ሥር ተቀመጥኩ፤ ባትሪ ያዘችልኝ
ኩለኒ፣ የአቶ ዋቅጅራ የልጅ ልጅ፣ እያዛጋት።
ጆሮዬን ቧንቧው ላይ ጣልኩ። መጀመሪያ አየር፣ ከዚያ ሳል፣
ከዚያ ውሃው እስከ ሁለተኛው ፎቅ ይዘምራል፣
ሦስተኛው ላይ ያንሾካሹካል።
ፓምፑ ጤነኛ ነበር። በግድግዳው ሆድ ውስጥ፣
ግንበኛ የረሳው ቫልቭ፣ ግማሹ ተዘግቶ፣
ልስን ለብሶ፣ ቀለም ተቀብቶ፣
እንቅልፉን ሲለጥጥ።

«ሦስተኛ ፓምፕ አትግዙ» አልኩ። «መዶሻ አምጡ።»
ምክሬ ይኸው ነበር፤ ለገጽ አይበቃም ቃላቱ።
እጄ ላይ ኖራ፣ ጸጉሬ ላይ ኖራ፤
ቫልቩ አንዴ አጉረምርሞ ዞረ፣ በስንት መከራ።
ዝም።
ከላይ የባልዲ ድምፅ፤ ከዚያ የሴት ጩኸት ወረደ፣
«ዝጉት! ዝጉት! ሞላ!»
ማንም አላጨበጨበ።
አቶ ዋቅጅራ ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፣ ኮፍያቸውን አውልቀው፣
«ሞላ» አሉ ቀስ ብለው፣ ቃሉን ሰምቶት እንደማያውቅ ሰው።

ክፍያዬ በአሥርና በተጣጠፈ ሃምሳ መጣ፤
ደረሰኝ ቆርጬ ማህተሜን ስመታ፣ ሳላስበው ሳቄ መጣ።
አንዱ የአራተኛ ፎቅ ሰውዬ እስካሁን አልከፈለኝም፣
እኔን ሲያይ መንገድ ያቋርጣል፤ ገላውን ሳይታጠብ ግን አያድርም።

ትናንት ባለ ቪላው ደውሎ «ገንዳው ይስፋ» አለኝ፤
«ቀጠሮ አለኝ» አልኩት። እውነቴን ነው፣ አለኝ።
ኪራይም አለ። የወይዘሮ ትርንጎ ሳልም አለ።
የአባቴ ውሃ ልክ፣ በመስታወቱ ሆድ ያለችው አረፋ፣
አንዴ ግራ፣ አንዴ ቀኝ ትላለች፤
መሃል ላይ ውላ አታውቅም፤ ግን ርቃ አትጠፋ።

ባለ ባጃጁ በመስታወት አየኝ። «እህቴ፣ ሥራሽ ምንድን ነው?»
«ቧንቧ እሰማለሁ።»
ሳቀ። ጉድጓድ ዘለልን። ሳቁን መሃል ላይ ተወው።
«የኛ ብሎክ ደግሞ…» ብሎ፣
ሞተሩን አጠፋው።