ቀረ

ከታርቱ የተነሳው ባቡር ዮገቫን አልፎ ጥዱን ሲሰነጥቅ
መስመሩ ይበጠሳል፤ ሁሌ እዚያችው ቦታ፤
ጭኔ ላይ ያለው ስክሪን ቀጥ፣ ፊደሉ ድርቅ፤
የጠራሁት አይሰማ፣ የጠየቅሁት ዝምታ።

ድሮ ልቤም አብሮ ቀጥ ይል ነበር፤
የአሥራ አንድ ሰዓት ስሌት፣ የኤማዮጊ ወንዝ ከፍታ፣
የበረዶው ውፍረት፣ የሚያዝያው ሙላት፣
በአንድ ጥድ ጥላ ገደል ይገባ ነበር፤
እንደገና ከዜሮ፣ እስከ ማታ።

ሄልዩ ናት ያስተማረችኝ።
ምድር ቤት፣ ማሽኖቹ በሚያጉረመርሙበት፣
ሁለት የሱፍ ካልሲ ደርባ፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል፦
«መስመርህ ላይ አትሥራ፤ መስመር ይበጠሳል።
ሰርቨሩ ላይ ቤት ሥራለት፣ ሥራህ እዚያ ይኑር፤
አንተ በመስኮት እየው። መስኮት ቢዘጋ ቤት አይፈርስም።»
ቲመክስ ብላ ጻፈች። ከታች አረንጓዴ መስመር ተዘረጋ።
«ኮንትሮልና ቢ፤ ልቀቅ፤ ከዚያ ዲ።
አሁን ሂድና ምሳህን ብላ።»

በላሁ። ስመለስ ስሌቱ አልጠበቀኝም፤
እኔ ሾርባ ስጠጣ ወንዙ በቁጥር ቀልጦ
ድልድዩ ሥር ደርሷል።

በጥቅምት ሄልዩ ቀረች።
ሰኞ ቀረች፤ ማክሰኞ ቀረች፤ በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ፦
ጡረታ። ያለ ኬክ፣ ያለ ንግግር፣ እንደ ልማዷ፣
ወደ ሳሬማ ደሴት፣ ወደ ንቦቿ።

በመጋቢት አሮጌው ማሽን ይነቀል ተባለ፤ መብራት ይበላል።
ከመንቀሌ በፊት ማን አለ ብዬ ዝርዝሩን ጠየቅሁ።
የእኔ ሁለት። የኢቫር አንድ።
ከሥር ደግሞ «ሄልዩ»፤ ከተከፈተ ሁለት ዓመት ከአራት ወር።

ገባሁ፤ የሰው ቤት እንደሚገባ፣ ቀስ ብዬ።
ስክሪኑ ለሦስት ተከፍሏል። በግራ የውሃ መለኪያው ቁጥር
በየአሥር ደቂቃው ይወርዳል፣ ማንም ሳያነበው።
በቀኝ ሰዓት። ከታች አንድ ትእዛዝ፣
ግማሹ የተጻፈ፣ ያልተላከ፤ ጫፉ ላይ
ጠቋሚው ብልጭ ድርግም፣ ብልጭ ድርግም፤
እጇን ገና አሁን ያነሳች ይመስላል።

አማርኛ እዚህ ላይ ክፉ ነው፤ ወይም ደግ፤ አላውቅም፦
ላልመጣውም «ቀረ»፣ ላልሄደውም «ቀረ»።
ሄልዩ ቀረች። ሥራዋ ቀረ።
ለኢቫር ላስረዳው ብሞክር
ትከሻውን ነቀነቀና መሰላሉን ሊያመጣ ወጣ።

ደወልኩላት። ነፋስ ይሰማል።
«የቱ ትእዛዝ?» አለች። አነበብኩላት።
ዝም። ቀጥሎ ሳቅ።
«አውቶብሱ ሊያመልጠኝ ሲል ነው! ደግሞ ስህተት አለው፤
ነጥቧን አላየሃትም?»
«ልዝጋው?»
«ዝጋው እንጂ። ቁጥሩን ግን ወደ አዲሱ አዙረው፤
ወንዙ ጡረታ አልወጣም።»

አዞርኩት። አዲሱ ማሽን ለሴሽኑ ስም ጠየቀኝ፤
ፊደላችንን አይቀበልም፤ በላቲን ሆሄ፣ እንደ ምንም፣
«ቀረ» ብዬ ጻፍኩ።
ግማሹን ትእዛዝ ግን፣ ከነስህተቱ፣
በእርሳስ ገልብጬ ኪሴ ከተትኩ። ለምን እንደሆነ አትጠይቁኝ።

ኮንትሮልና ቢ።
ልቀቅ።
ዲ።
ለባቡሩ አምስት ደቂቃ ቀረው።