አምስተኛው ጭምብል

ሳልሚያ ነው ቤቱ፣ ከባሕሩ ወዲህ ሁለተኛው መንገድ፣
ጣሪያው ያኔ ጠቆረ፣ የነዳጁ ጉድጓድ ሲነድ።
ወንድሟ ሚሻሪ ሊያስቀባው ነጭ ቀለም ይዞ ሲመጣ፣
"ተወው" አለች ሉልዋ፣ "ምስክሬ ነው፤ አይውጣ።"

ስሟ በነሱ ቋንቋ፣ በኛም፣ ያው ሉል ነው።
አያቷ አፍንጫውን በቀንድ ቆልፎ
ለሰው ሉል ሲለቅም ኖሮ፣ ዕዳ አውርሶ አልፎ፤
እሷም ወረደች፣ ግን ሌሊት፣ ግን በብዕር፣
ወንዱ ወዳልጠለቀው፣ ወደ ሴቶች ባሕር።

ሐሙስ ነው የሷ ቀን፤ ዓምዷ ይታተማል፣
ዓርብ ገና ሲነጋ ስድብ ይደውላል።
የማነሣው እኔ። "የለችም" ስል ኖርኩ፣
ከዐረብኛው ሁሉ ስድቡን ቀድሜ አወቅኩ።

ምን ጽፋ ነው? የምርጫው ሣጥን ለሴት ለምን እንደ ተዘጋባት፣
የተፈታች እናት ልጇን በር ላይ ስታይ እንባ እንደሚቀድማት፤
ስለነዚያ፣ በወረራው ሰባት ወር በአባያ ሥር ጥይት ስላሻገሩ፣
ሰላም ሲሆን "ወደ ጓዳ" ተብለው ስለቀሩ።

ሦስት ልቦለድ አላት። ሁለቱ ቤይሩት ታትመው
በዘመድ ሻንጣ ገቡ፣ ከሕፃን ልብስ ሥር ተኝተው።
ሦስተኛው መሳቢያ ውስጥ ነው፣ ገና ያላለቀ፤
ከሥሩ የኔ ፓስፖርት፣ ከመጣሁ ጀምሮ ፀሐይ ያልሞቀ።
ቁልፉ በሷ አንገት ላይ።
የሷ ፓስፖርት ደግሞ የሚሻሪን ፊርማ ይጠብቃል።
ይህን ዓምዷ ላይ ፈልጌ አጣሁት።

ማንበብ የተማርኩት ከቅርጫቷ ነው፤ ጨምድዳ የጣለችውን
በካውያ ዘርግቼ፣ በጣቴ እየተከተልኩ ከቀኝ ጀምሮ ግራ የሚያልቀውን።
እዚያ አገኘኋት አንድ ቀን፦ "ገረዲቱ ሻይ አስቀምጣ ወጣች።"
ምዕራፍ አራት ላይ። ደግሞ ዘጠኝ። ሻይ አስቀምጣ ወጣች።

እርሳስ አነሣሁ። ከጎኑ፣ በራሴ ፊደል፣ በደማቁ፦
የሺመቤት።
የሺ ሰው እመቤት ማለት ነው። ቤቱ የሚጠራኝ "ያ ቢንት" ብሎ ነው።
ገጹን ጠረጴዛዋ ላይ መለስኩት።

ሦስት ቀን አላናገረችኝም።
በአራተኛው ጓዳ በር ላይ ቆማ፣ ያን ወረቀት ይዛ፣
"ይህን እንዴት ነው የሚያነቡት?" አለች፣ እንደ ተማሪ ፈዝዛ።

መጋቢት ገባ። ሌላ ጦር። መስኮቱን በፕላስተር አሸግን።
ሚሻሪ የመርዝ ጋዝ ጭምብል ገዝቶ መጣ፤ አራት። ቤቱ ውስጥ አምስት ነን።
ቆጠረ። ደግሞ ቆጠረ። እኔን ዘለለ።

በዚያው ሌሊት ለሐሙስ ጻፈች፣ "አምስተኛው ጭምብል" የሚል፤
አዘጋጁ ደወለ፦ "ጊዜው ጦርነት ነው፤ ይቆይ፤ ሌላ ቀን ይወጣል።"
ይቆይ የተባለው ቆየ።

ሳይረኑ ሲጮህ ጓዳ መጣች፣ የራሷን ጭምብል አንጠልጥላ፣
ከሩዙ ጆንያ አጠገብ መሬት ተቀመጠች።
"አያቴ እስከ መቶ ይቆይ ነበር" አለች፣ "ከታች።"
መጀመሪያ ለኔ አጠለቀችልኝ።
በጎማው ውስጥ ሆኜ ቆጠርኩላት፣ ቀስ ብዬ፣ በአማርኛ፤
ሠላሳ ላይ ቀየርን፤ ቆጠረችልኝ በዐረብኛ።
ጋዝ አልመጣም። የላስቲክ ሽታ ብቻ፣
የሷ ሽቶ፣ የኔ ሽንኩርት።

ፓስፖርቴን በማግስቱ ሰጠችኝ። "ሕጉን ግን አልለወጥኩም" አለች።

ልቦለዱ ሲታተም እኔ ሐይቅ ነበርኩ፤ እስከ ዛሬ አላየሁትም።
ሻዩን ማን እንዳስቀመጠው፣ ስሟ ማን ተብሎ፣
ወጥታስ የት እንደገባች፣
አንድ ያነበበ ሰው ባገኝ እጠይቀው ነበር።