ባሕር ኮዬ ፈጬ ላይ

ከካርቶን አወጣሁት፣ በስፖንጅ ተጠቅልሎ፣
መነጽር ይሉታል፤ ይመዝናል ግማሽ ኪሎ።
ግማሽ ቀን አሠልጥነው፣ አስፈርመው ሄዱ፤
ቁም ሳጥን ውስጥ ከረመ ከነቻርጀር ገመዱ።

ሌሊት ነው። ደጊቱ የአልጋውን ብረት ጨብጣ፣
ስድስት ሴንቲ ላይ ቆማለች፣ አምጣ አምጣ።
በር ላይ አማቷ፣ እማማ ዘነቡ፣ ነጠላ ተከናንበው፣
“ማርያም፣ ማርያም” ይላሉ ጉልበታቸውን አቅፈው።
ቀለበት የሌለው ጣቴን ቀና ብለው አዩና፣
“ልጅ ለናቷ ምጥ አስተማረች” አሉ፤ እውነት ነውና
ዝም አልኩ።
ሁለት መቶ ሕፃን ተቀብያለሁ በእጄ፤
ምጥን ግን አላውቀውም፣ አልመጣም ወደ ደጄ።

አጠለቅኩላት። ፊቷ ጠፋኝ፤ የቀረኝ አፏ ብቻ፣
ጥርሷ ከንፈሯን ይዞ፣ ላብ በአገጯ ዳርቻ።
“ምን ይታይሻል?”
ትንፋሿ ተቆረጠ፣ ቆየ፣ ተመለሰ።
“ውኃ” አለች።
“ብዙ ውኃ ነው፣ ሲስተር። ዳር የለውም። ማን አፈሰሰ?”
“ባሕር ነው።”
“ባሕር? ታዲያ ለምን ወረፋ የለውም?
ለምን ቢጫ ጀሪካን አንድ እንኳ አላየሁም?”

ሳቅኩ፤ እሷም ልትስቅ ስትል መጣባት፣
ከወገቧ ተነሥቶ እንደ ጠፍር ያዛት።
ሳምንት በሳምንት ነው ኮዬ ውኃ የሚመጣው፣
አራተኛ ፎቅ ድረስ በትከሻ የሚወጣው።
እስከ ዘጠኝ ወሯ አንድ በአንድ አመላለሰች፤
አሁን ዳር በሌለው ውኃ ፊት ባዶ እጇን ደረሰች።

መነጽሩ ውስጥ ያለች ሴት በፈረንጅ አፍ ታባብላለች።
“ምን አለች?” ትለኛለች ደጊቱ። “ተንፍሺ አለች።”
“እሷ ወልዳ ታውቃለች?”
“እኔ እንጃ።”
“እንግዲያ ዝም ትበል።”
ድምፁን ቀነስኩት።

ስምንት ሴንቲ ላይ መብራት ሄደ።
ዘበኛው ቱፋ፣ ናፍጣ ፍለጋ፣ ጀሪካን ይዞ ወረደ።
ስልኬን በጥርሴ ነክሼ ባትሪውን አበራሁ፣
በዚያች ጠባብ ብርሃን የምሠራውን ሠራሁ።
እሷ ግን፣
“ፀሐዩ ደስ ይላል” አለች።
ኮዬን ከብሎክ እስከ ብሎክ ጨለማ ሲውጣት፣
በዚህ በከተማ ዳር፣ ለአንዲት ሴት ብቻ ፀሐይ ወጣላት።
በመነጽሩ ጠርዝ ሰማያዊ ጭላንጭል ይፈሳል፣
ጉንጯ ላይ ደርሶ፣ እንደ ሞገድ፣ ተንቀጥቅጦ ይመለሳል።

ምጡ ቀረላት አልልም። አልቀረም። አይቻለሁ፤
አራት ጣቶቿን ክንዴ ላይ በሰንበር ቆጥሬያለሁ።
ብቻ ሕመሙ ሲመጣ እሷ ቤት አልነበረችም፤
አንኳኳ፣ ገፋ፣ ገባ፤ አልጋው ላይ አላገኛትም፣
ወይም ዘግይቶ አገኛት።

አሥር ሲሞላ ግን መነጽሩን ራሷ ነጠቀችው፣
“ባሕሩ ይቆየኝ” ብላ እጄ ላይ ጣለችው።
“ይኼን በዓይኔ ነው የማየው።”
እማማ ዘነቡ በሩን ከፈቱ፤ ማንም አልከለከላቸው፤
ከራስጌዋ ቆሙ፣ ሻማ ይዘው በእጃቸው።
“ግፊ!” አልኩ ወልጄ የማላውቀው፤ “ግፊ!” አሉ ሰባት የወለዱት፤
አንዲት ሴት ልጅ፣ እርጥብ፣ መጣች፤ ጨለማውን ሞላችው በጩኸት።

“እንኳን ማርያም ማረችሽ።”

ሲነጋ ቱፋ ናፍጣ ይዞ መጣ።
በአልኮል ልጠርገው ብዬ መነጽሩን ሳወጣ፣
ማንም አያየኝም አልኩና ዓይኔ ላይ አጠለቅኩት፤
የሷን ባሕር ፍለጋ ቁልፉን ደጋግሜ ነካሁት።
ባትሪው አልቋል።
ጥቁር ነው፤ የራሴ ትንፋሽ ብቻ።
ስፖንጁ ግን ገና አልደረቀም ነበር።
ከላቧ አንድ ጠብታ ጉንጬን ይዞ ወረደ፣
ከንፈሬን ነካ፤
ጨው ነው።