ሁርሶ እና አዲጋላ

ሮብሌ፣ የጎረቤት ልጅ፣ ዘጠኝ ዓመት ከመንፈቅ፣
የጫማ ካርቶን ታቅፎ መጣ፣ እያየኝ በመሳቀቅ።
"ጅጅጋ ልንሄድ ነው" አለኝ፤ "አባቴ ጭኗል ዕቃ፤
ለነሱ ቦታ የለም አለ፤ መኪናው ሞልቷል በቃ።"

ከፈትኩት።
ሁለት ኤሊዎች፣ ከክብሪት ቀፎ ያልበለጡ፣
እግርና ራስ ደብቀው፣ ላለመታየት የቆረጡ።

"ስማኝ ጋሼ" አለ፤ ጣቱን እንደ አለቃ ቀስሮ
(የድሬ ልጅ "እርስዎ" አያውቅም፤ ለትልቁም "አንተ" ነው ኑሮ)፤
"ሦስት ቀን አትንካቸው፤ እጅ ያየ ኤሊ ይፈራል፤
ዝም ብለህ ከተቀመጥክ፣ ራሱ ወጥቶ ያጣራል።
ግማሹን ፀሐይ ስጣቸው፣ ግማሹን የኒም ጥላ፤
ዳቦ ወተት እንዳታቀርብ፤ ኤሊ የሰው ምሳ አይብላ።
አረም ስጥ፣ የቁልቋል መዳፍ፣ እሾኹን ፍቀህ ቁረጥ፤
ውኃ በዝርግ ሰሃን አድርግ፣ ከጉልበታቸው እንዳይበልጥ።
ደግሞ..."
ደግሞውን ሳይጨርስ፣ ክላክስ ጮኸ ከበር፤
ሮጠ። ካርቶኑ ቀረ፣ እጄ ላይ እንደ ቀልድ ነገር።

እኔ የሸማንደፈር ሰው፣ በቀይ ባንዲራ ባቡር ያቆምኩ፣
ለሁለት የክብሪት ቀፎ ስል፣ በገዛ ጓሮዬ ሰገድኩ።
ከዚራ ነው ቤቴ፤ ግንቡ ቢጫ፣ ቀለሙ የተላጠ፤
ከሐዲድ የተረፈ እንጨት፣ በየጥጉ ያፈጠጠ።
ያንን አጋድሜ አጠርኩ፤ ከደቻቱ አሸዋ አመጣሁ፤
ጭላት እንዳያይ ከላይ፣ የአጎበር ቁራጭ አሰጣሁ።
ስምም አወጣሁ፤ ሁርሶ እና አዲጋላ አልኳቸው፤
ወርደን ሻይ ጠጥተን፣ ባቡሩን ሮጠን የምንደርስባቸው
የድሮ ጣቢያዎች ናቸው።

አንደኛው ቀን ድንጋይ። ሁለተኛውም ድንጋይ።
እጄን ጭኔ ሥር ቀበርኩት፣ ሄዶ እንዳይዳስስ ሳላይ።
ቅጠሉ ጠወለገ፤ ቁልቋሉን ጉንዳን በላ፤
እኔም ምሳዬን ረስቼ፣ ዋልኩኝ በኒሙ ጥላ።
"ደግሞ" ምን? ልቤ ይህችኑ ቃል ሲያላምጥ ዋለ፤
ዋናው ትእዛዝ ሳይሆን አይቀርም፣ ጅጅጋ መንገድ ላይ ያለ።

በሦስተኛው ሌሊት ሰማዩ በደንገጎ በኩል አገሳ፤
የድሬ ሰው ነኝና ነቃሁ፤ የደቻቱን ነገር ማን ይረሳ።
ባትሪ ይዤ ወጣሁ። አዲጋላ አለች። ሁርሶ የለም።
ጉልበቴን ረሳሁት፣ ያን የስንት ዓመት ሕመም።
ባልዲ ገለበጥኩ፣ አጥር ዞርኩ፣ ካፊያው አንገቴ ሲገባ።
አንድ ሰው ቢያየኝ ምን ይላል? ሽማግሌ፣ በሌሊት፣ ለኤሊ ሲባባ።

ሲነጋ አገኘሁት፤ ከሐዲዱ እንጨት ሥር ምሶ፣
እኔን ፈቃድ ሳይጠይቅ፣ የራሱን ጎጆ ቀልሶ
ተኝቷል ሁርሶ።
ፀሐይ ሲሞቅ አንገት ወጣ፣ ከኔ አንገት የባሰ የተኮማተረ፤
አየኝ፤ ቁልቋሉን አየ፤ ገምጦ ማኘክ ጀመረ።

ጅጅጋ ደወልኩ፣ "በላ" ልል፤ ስልኩን እናቱ ሆዳን አነሳች፤
"የኔው ልጅ ግን አልበላም" ብላ በረጅሙ ተነፈሰች።
"አዲሱን ቤት ጠላ፤ ሦስት ቀኑ፣ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፤
ሰው ሲገባ ይሸሸጋል፣ ጉልበቱን ወደ ሆዱ ስቦ።"
"አትንኪው" አልኳት፤ "ውኃ ብቻ አጠገቡ አስቀምጪ፤
በሩን ገርበብ አድርጊና፣ ምንም ሳትዪ ውጪ።"
ሳቀች ይሁን አለቀሰች፣ ኔትወርኩ ይቆራረጣል፤
"ግድ የለሽም" አልኳት፣ "ጊዜው ሲደርስ ይወጣል።"

በሳምንቱ ስልኬ ጮኸ። ሮብሌ ነው፤ ከደጅ ቆሞ፤
ከኋላው ኳስ ይመታል፣ አንዱ ይጮኻል ቀድሞ።
"ደግሞ" አለኝ፤ ሰላምታ የለ፤ ካቆመበት ቀጥሎ፤
"ደግሞ ከሰው በላይ ይኖራሉ፤ ስትሞት መልስልኝ" ብሎ።

"እሺ" አልኩት።
ሁርሶ ያኝካል። አዲጋላ ግን ዛሬም ድንጋይ ናት፤
እጄን ጭኔ ሥር አድርጌ፣ እዚሁ ልጠብቃት።